ሳይረስ ማኮርሚክና በአጨዳ መሐል የሚሰበረው ማሽን

የደረሰ ሰብል ቀጠሮ አይጠብቅም። ስንዴ ዛላው ከደረቀ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ካልታጨደ ይረግፋል፤ ያለወቅቱ ዝናብ ከመጣበትም መሬት ላይ ይተኛል። ለድርቆሽ የተከለለ ሣርም ጊዜው ካለፈ አገዳው ይጠነክራል፤ ከብቱ ቢበላው እንኳ ጥቅሙ ያነሰ ነው። ይህን ለኅብረት ሥራ ማኅበራት አባላት መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ አሜሪካዊው ሳይረስ ማኮርሚክም ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከዚሁ አጭር ጊዜ ጋር ነበር። ስሙ በዓለም የታወቀው በፈረስ የሚጎተት የእህል ማጨጃ ማሽን በመሥራቱ ነው። ማሽኑን ለመፈልሰፍ የፈጀበት ጊዜ ግን ያን ያህል ረጅም አልነበረም። ብዙ ዓመት የወሰደበት፣ ማሽኑ በአጨዳ መሐል ሲሰበር ገበሬው ምን ያድርግ የሚለው ጥያቄ ነው።

ማኮርሚክ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1809 በቨርጂኒያ ግዛት፣ ሮክብሪጅ በሚባል አውራጃ ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የቤተሰቡ እርሻ ዋልነት ግሮቭ ይባላል። አካባቢው ኮረብታማ ነው። አባቱ ሮበርት ማኮርሚክ መሬት፣ ወፍጮና የብረት መቀጥቀጫ ቤት የነበረው፣ አዲስ ዕቃ መሥራት የሚወድ ሰው ነበር። በፈረስ የሚጎተት ማጨጃ ለመሥራት ለብዙ ዓመታት ሲሞክር ቆይቶ አልሆነለትም፤ ማሽኑ እህሉን ከመቁረጥ ይልቅ ያመሰቃቅለው ነበር። ልጁም ያደገው ያልተሳካው ማሽን በቆመበት በዚያው ቀጥቃጭ ቤት ነው። በ15 ዓመቱ ለራሱ ጉልበት የሚስማማ ቀለል ያለ የእጅ ማጨጃ እንደ ሠራ ይነገራል።

በዚያ ዘመን የአገሩ ገበሬ እህል የሚያጭደው ረጅም እጀታ ባለውና የታጨደውን የሚሰበስቡ የእንጨት ጣቶች በተገጠሙለት ትልቅ ማጭድ ነበር። በዚህ መሣሪያ አንድ ጎበዝ አጫጅ በቀን ሁለት ኤከር ገደማ ይጨርሳል። አራት ጥማድ አንድ ሄክታር በሚባልበት አካባቢ ከሦስት ጥማድ ትንሽ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ከአጫጁ ኋላ ደግሞ ነዶ የሚያስሩ ሰዎች ያስፈልጋሉ። ገበሬው የፈለገውን ያህል ቢዘራ የሚያስገባው ግን በአጨዳ ሰሞን ባገኘው ሰው ልክ ነበር።

በ1831 አባትየው ተስፋ ቆርጦ የተወውን ሥራ የ22 ዓመቱ ሳይረስ ተረከበ። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ስቲልስ ታቨርን በምትባል መንደር አጠገብ በጆን ስቲል ማሳ ላይ አጃ በማጨድ ማሽኑን ለሰው አሳየ። አሠራሩ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ማሽኑ ሲጎተት ትልቁ ጎማ መሬት ላይ ይንከባለልና በጥርስ አማካይነት አንድ ረጅም ምላጭ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ከምላጩ ፊት የብረት ጣቶች ተደርድረው አገዳውን ይይዛሉ። ከላይ የሚሽከረከር የእንጨት መንኮራኩር ሰብሉን ወደ ምላጩ ያስጠጋል፤ የታጨደውም ከኋላ በተዘረጋው ጣውላ ላይ ይወድቃል። ጣውላው ላይ የወደቀውን አንድ ሰው በመንሽ መሰል ዕቃ ይጠርገዋል።

እዚህ ላይ ሊዘለል የማይገባው ሰው ጆ አንደርሰን ነው። አንደርሰን በማኮርሚክ ቤተሰብ በባርነት የተያዘ ጥቁር ሲሆን፣ ማሽኑ ሲሠራም ሲሞከርም ከሳይረስ ጋር አብሮ ለፍቷል። በዚያን ጊዜ በነበረው ሥርዓት ባሪያ የተደረገ ሰው በስሙ የፈጠራ መብት ማስመዝገብ አይችልም ነበርና በሰነዱ ላይ ስሙ የለም። ብዙ ጸሐፊዎችም ለረጅም ዘመን ሳያነሱት አልፈዋል።

ማኮርሚክ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው ጁን 21 ቀን 1834 ነው። ቀድሞት ያስመዘገበ ግን ነበረ። ኦቤድ ሃሲ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ በራሱ መንገድ ማጨጃ ሠርቶ ዲሴምበር 31 ቀን 1833 መብቱን አግኝቷል። የሁለቱ ፉክክር ከሃያ ዓመት በላይ ዘልቋል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለማኮርሚክ መልካም አልነበሩም። ማሽኑን ገታ አድርጎ ከቤተሰቡ ጋር የብረት ማቅለጫ ሥራ ጀመረ። በ1837 በአሜሪካ የገንዘብ ቀውስ ተነሥቶ የብረት ዋጋ ሲወድቅ ማቅለጫው ከሰረ፤ ቤተሰቡም ዕዳ ውስጥ ገባ። ወደ ማጨጃው የመለሰው ይኸው ዕዳ ነው ማለት ይቻላል። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት እርጥብ አገዳ ምላጩን እየወተፈ ስላስቸገረ የምላጩን ስለት አወጣጥ ደጋግሞ ለወጠ። በ1842 ሰባት፣ በ1843 ሃያ ዘጠኝ፣ በ1844 ሃምሳ ማሽኖች ሸጠ። ሁሉም የተሠሩት በዋልነት ግሮቭ ቀጥቃጭ ቤት በእጅ ነበር።

ትዕዛዙ መምጣት የጀመረው ግን ከምዕራቡ ሜዳ ነው። ከቨርጂኒያ የተነሣ ማሽን በጋሪ፣ በጀልባ፣ ከዚያም በባሕር ዞሮ ወንዝ ሽቅብ እየተጓጓዘ ሲደርስ አንዳንዴ አጨዳው አልፎ ያገኘዋል። መንገድ ላይ የጎበጠ ወይም የጠፋ ክፍል ካለ ደግሞ በዚያ ዓመት ነገሩ አበቃ። ማኮርሚክ በየቦታው ላሉ ባለ ወርክሾፖች የመሥራት ፈቃድ በመሸጥ ችግሩን ሊያቃልል ሞከረ። ይህም የባሰ ሆነ። አንዳንዶቹ ደካማ እንጨትና ብረት እየተጠቀሙ የሠሩት ማሽን ማሳ ውስጥ ተሰባበረ፤ ስሙ የሚነሣው ግን የማኮርሚክ ነበር። በ1847 ቺካጎ ሄዶ በወንዙ ዳር የራሱን ፋብሪካ የተከለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቺካጎ ያኔ ጭቃ የበዛባት አዲስ ከተማ ነበረች። የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ የነበረው ዊልያም ኦግደን ገንዘብ አውጥቶ ሸሪክ ሆነው። ለ1848 አጨዳ 500፣ ለ1849 ደግሞ 1,500 ያህል ማሽኖች ተሠሩ። ወንድሙ ሊያንደር የፋብሪካውን ሥራ፣ ሌላው ወንድሙ ዊልያም የገንዘቡንና የንግዱን ጉዳይ ያዙ።

ምላጭ፣ ጣትና ገፊ ዘንግ

ማጨጃ ማሽን ምኑ ይሰበራል? በመጀመሪያ ምላጩ። የማኮርሚክ የመጀመሪያ ምላጭ ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ብረት ሆኖ ስለቱ እንደ ማጭድ ጥርስ የወጣለት ነበር። ድንጋይ ሲመታው ሙሉው ወልቆ ቀጥቃጭ ዘንድ መሄድ አለበት። የሃሲ ምላጭ ግን ሌላ ነበር፤ ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ጥርሶች በአንድ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ተደርድረው በሪቬት ተመትተዋል። አንዱ ጥርስ ቢሰበር የሚለወጠው ያው አንዱ ብቻ ነው። ሃሲ በንግድ ቢሸነፍም በዚህ ነገር ያሸነፈው እርሱ ነው። ዛሬ በአርሲና በባሌ የስንዴ ማሳ ላይ የሚሠራውን ኮምባይነር ፊቱን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው የሚያገኘው እነዚያኑ ባለ ሦስት ማዕዘን ጥርሶች ነው።

ሣር ማጨድ ከእህል ይልቅ ማሽኑን ይፈትናል። ስንዴ ደረቅ ነው፤ ከመሬት ከፍ ብሎም ይቆረጣል። ሣር ግን እርጥብ፣ ቀጭንና ጥቅጥቅ ያለ ነው። መቆረጥ ያለበት ከመሬት ተጠግቶ ስለሆነ ምላጩ ከድንጋይ፣ ከጉብታና ከአይጥ ቁፋሮ አፈር ጋር ይጋጫል። ቆሻሻው በጣቶቹና በምላጩ መካከል እየተጠቀጠቀ ያቆመዋል። ሃሲ በ1847 የጣቶቹን የላይኛ ክፍል ከፍቶ ቆሻሻው ወደ ኋላ እንዲወጣ አደረገ። በዚያው ዓመት ዊልያም ኬቸም የተባለ ሰው ለሣር ብቻ የሚሆን ማጨጃ አስመዘገበ። ማኮርሚክ በበኩሉ በ1850ዎቹ እህልም ሣርም የሚያጭድ አንድ ማሽን ይሸጥ ነበር። ገበሬው በአንድ ዋጋ ሁለት ሥራ ስለሚያገኝ ወደደው፤ ነገር ግን ለሁለት ሥራ የተሠራ ማሽን ለሣሩ ትንሽ ግትር ነበር። ሌሎች ሠሪዎች ምላጩ በማጠፊያ ተይዞ የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ እየተከተለ የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ የሣር ማጨጃ ሲያወጡ ገበያው ወደ እነርሱ አደላ። ኋላ የማኮርሚክ ፋብሪካም ለሣር የተለየ ማሽን መሥራት ግድ ሆነበት።

ጥገናው ላይ ላዩን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። የተሰበረው ጥርስ ሪቬት ተመትቶ ይወጣል፤ አዲሱ ጥርስ ይቀመጥና በአዲስ ሪቬት ይጠብቃል። ሪቬቱ ላልቶ ከቀረ ግን ጥርሱ ይንቀጠቀጥና ከጎኑ ያለውን ይዞ ይሰበራል። ጣቶቹም መታየት አለባቸው። ድንጋይ የመታው ጣት በትንሹም ቢጎብጥ ምላጩ በላዩ ተኝቶ አይሄድም፤ ከፍ ይልና ሣሩን ከመቁረጥ ይልቅ ያኝከዋል። በመሆኑም ጣቶቹ ሁሉ በአንድ መስመር እስኪሆኑ ድረስ በመዶሻ እየተመቱ ይስተካከላሉ። ሌላው ነገር ልኬት ነው። ምላጩ ወዲያ ሄዶ ሲቆምና ወዲህ መጥቶ ሲቆም የእያንዳንዱ ጥርስ መሐል ከጣቱ መሐል ላይ መዋል አለበት። ይህ ከተዛባ ስለቱ የቱንም ያህል ቢሳል ከመንገዱ ግማሹ በከንቱ ያልፋል፤ የታጨደው ሣርም ጢሙን ሳይላጭ እንደ ቀረ ፊት ጭረት ጭረት ሆኖ ይታያል።

ምላጩን የሚያመላልሰው ገፊ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነበር። ይህ ስስት አልነበረም። የደነዘዘ ምላጭ ወይም የተወተፈ ጣት ኃይሉን ሁሉ ወደ ዘንጉ ይመልሳል፤ አንድ ነገር መሰበር ካለበት ርካሹ እንጨት ቢሰበር ይሻላል፤ ውዱ የብረት ጥርስ ይተርፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ገበሬ ዘንጉ በተሰበረ ቁጥር ዘንግ ብቻ አይለውጥም፤ ምን ሰበረው ብሎ ምላጩን ያያል። ሁለት ምላጭ ይዞ አንዱ ሲያጭድ ሌላውን መሳልም የተለመደ ነበር። ፈረሶቹ በሚያርፉበት ጊዜ ምላጭ መለወጥ ዘንግ ከመስበር ያድናል።

ዋስትናና ወኪል

ማኮርሚክ ከተፎካካሪዎቹ የላቀው ይህን ሁሉ ገበሬው ብቻውን እንዲወጣው ባለመተዉ ነው። በ1850ዎቹ ማሽኑ ወደ 120 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ዋጋው የታወቀና የማይከራከሩበት ነው። ገበሬው 30 ዶላር ያህል አስቀድሞ ይከፍልና ቀሪውን አጨዳው ካለፈ በኋላ ይጨምራል። ማሽኑ በሰዓት አንድ ተኩል ኤከር እንደሚያጭድ በጽሑፍ ዋስትና ይሰጠዋል፤ ካልሠራ መልሶ ገንዘቡን ይወስዳል። ቀሪው ክፍያ የሚሰበሰበው ከአጨዳ በኋላ በመሆኑ በሐምሌ የተሰበረና ያልተጠገነ ማሽን በታኅሣሥ የማይከፈል ዕዳ ማለት ነበር። ጥገናው የሻጩም ጭንቀት ሆነ።

በየአውራጃው ወኪሎች ተሾሙ። የወኪሉ ሥራ መሸጥ ብቻ አልነበረም። ማሽኑ ተፈታትቶ ስለሚላክ ክፍሎቹ ላይ ምልክት ይደረግባቸዋል፤ ወኪሉ አገጣጠሙን ያሳያል፣ መለዋወጫ ያከማቻል፣ በአጨዳ ሰሞን ማሳ ለማሳ እየዞረ ይጠግናል። ወኪሉ አዋቂ ሲሆን ማሽኑ ተወደደ፤ ሰነፍ ሲሆን ያው ማሽን ተጠላ። ከማሽን ግዢ ይልቅ የመለዋወጫ ግምጃ ቤት ዓይን የማይገባ መሆኑ የዛሬም ነገር ነው፤ ትራክተር ሲመጣ ሪባን ይቆረጣል፣ አንድ ሣጥን የምላጭ ጥርስ ሲገባ ግን የሚያጨበጭብ የለም።

የባለሙያ ነገር በ1851 በእንግሊዝ አገር በግልጽ ታይቷል። ማኮርሚክ ማሽኑን ለንደን ውስጥ ወደ ተዘጋጀው ታላቁ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ወሰደ። ጋዜጦች በመልኩ ተሳለቁበት። ኤሴክስ ውስጥ በቲፕትሪ እርሻ እርጥብ ስንዴ ላይ ሲሞከር ግን አሳምሮ አጨደና ከፍተኛውን ሜዳልያ ተሸለመ። በዚያ ቀን የሃሲም ማሽን ቀርቦ ነበር፤ የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ስላላወቁበት ከሸፈ። ሃሲ ራሱ እንግሊዝ ከደረሰ በኋላ በሴፕቴምበር ክሊቭላንድ በተባለው ወረዳ በድጋሚ ሲወዳደሩ ደግሞ የእርሱ ማሽን ተመረጠ። ብረቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የያዘው እጅ ነው።

በፍርድ ቤት በኩል ማኮርሚክ ብዙ አልተሳካለትም። የመጀመሪያው የፈጠራ መብቱ በ1848 ሲያበቃ እንዲራዘምለት ጠይቆ ተከለከለ። ጆን ማኒ የተባለውን ተፎካካሪ ከሶ በ1856 ተረታ። በማኒ በኩል ከተቀጠሩት ጠበቆች አንዱ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው አብርሃም ሊንከን ነበር፤ ሌሎቹ ጠበቆች ግን የገጠር ሰው ብለው ናቁትና እንዲናገር እንኳ አልፈቀዱለትም። ማኮርሚክ በጠባዩ እልኸኛ ነበር። በ1862 ለጓዝ ተጨማሪ 8 ዶላር ከ70 ሣንቲም ክፈል ካለው የባቡር ኩባንያ ጋር የጀመረው ክስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቶ የተፈታው እርሱ ከሞተ በኋላ ነው። በ1858 ኔቲ ፋውለርን አገባ፤ ኋላ በሥራውም ብርቱ አማካሪ የሆነችው እርሷ ናት።

ሃሲ በ1860 በባቡር ሲጓዝ አንዲት ሕፃን ውኃ ጠምቷት አይቶ ሊያመጣላት ወረደ፤ ተመልሶ ሊሳፈር ሲል ባቡሩ ተንቀሳቅሶ ወደቀና ሞተ።

በኦክቶበር 1871 ቺካጎን ያወደመው ታላቅ ቃጠሎ የማኮርሚክን ፋብሪካ አመድ አደረገው። ያኔ 62 ዓመቱ ነበር፤ የሚበቃው ሀብትም ስለነበረው አርፎ መቀመጥ ይችል ነበር። ኔቲ እንደገና እንዲሠራ አጥብቃ መከረች። አዲሱ ፋብሪካ በ1873 ሥራ ጀመረ።

ቃጠሎው ያልፈታው አንድ አሮጌ ችግር ግን ነበር። ወንድሙ ሊያንደር ፋብሪካውን ለሠላሳ ዓመት ያህል የመራው በቀጥቃጭ ቤት ልማድ ነበር። ክፍሎቹ በጎበዝ ሠራተኞች እጅ በሞረድ እየተሞረዱ ይገጣጠሙ ስለነበር የአንዱ ማሽን ዕቃ ለሌላው ልክ ላይሆን ይችላል። ሞዴሉም በየጊዜው ይቀያየራል። ወኪሉ ግምጃ ቤት ዕቃው ቢኖርም ማሳ ላይ ሲደርስ ካልገባ ገበሬው ሞረድ ይዞ ይቀመጣል፤ ስንዴውም ይረግፋል። በ1880 ወንድማማቾቹ ተጣልተው ሊያንደር ከኃላፊነት ወረደ። በእርሱ ቦታ በጦር መሣሪያና በስፌት መኪና ፋብሪካዎች የሠራው ሉዊስ ዊልኪንሰን መጣ። በእነዚያ ፋብሪካዎች እያንዳንዱ ክፍል በመለኪያ ተፈትሾ አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣ ስለነበር ያንኑ አሠራር ወደ ማጨጃው አመጣ። ምርቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእጥፍ በላይ አደገ። ማኮርሚክ ከመጀመሪያው የቃል ኪዳኑ መሠረት ማድረግ የነበረበትን ነገር ያገኘው ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ መሆኑ ያስገርማል።

በእነዚያው ዓመታት ሌላም ስህተት ታርሟል። ፋብሪካው በ1870ዎቹ ነዶውን ራሱ በሽቦ የሚያስር ማሽን አውጥቶ ነበር። የሽቦው ቁርጥራጭ ከገለባው ጋር ወደ ከብቶች ሆድ እየገባና የወፍጮ ዕቃ እያበላሸ ገበሬውን አማረረ። ሌላ ተፎካካሪ በሲባጎ የሚያስር ማሽን ሲያቀርብ የማኮርሚክም ፋብሪካ በ1881 ሽቦውን ትቶ ወደ ሲባጎ ዞረ።

ሳይረስ ማኮርሚክ ሜይ 13 ቀን 1884 ቺካጎ ውስጥ በ75 ዓመቱ አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ በፋብሪካው የተነሣው የሠራተኞች አድማ ከሃይማርኬት ግጭት ጋር ተያይዞ በታሪክ ይታወሳል። በ1902 ድርጅቱ ከዋና ተፎካካሪው ዲሪንግና ከሌሎች ጋር ተዋህዶ ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር የተባለው ኩባንያ ሆነ። የዋልነት ግሮቭን እርሻ ቤተሰቡ በ1954 ለቨርጂኒያ የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሰጠ፤ ቦታው የግብርና ምርምርና ኤክስቴንሽን ማዕከል ሆነ። ከማዕከሉ ሕንፃዎች አጠገብ አሮጌው የእንጨት ቀጥቃጭ ቤት ታድሶ ለጎብኚ ቆሟል።